በጥርስ የተላጠ ሽቦ

ና ሳሃል፣ በመሪው በኩል ግባ። ከጎኔ ተቀመጥ። ልብስህን ብቻ ጠብቅ፤ ሙሽራ በግራሶ ሲጨማለቅ አያምርም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው። ሙቀት ነው እኮ… ድምፅ እንዲወጣ ብዬ አይደለም።

የዘንድሮ ነፋስ ደግሞ ከተማችን ቡርዖ ምን በደለችው? አቧራውን ከከብት ገበያው አንስቶ በቀጥታ የሰው ሻይ ውስጥ ይጨምረዋል። ጠዋት በገበያው ሳልፍ ግመሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ሻጮቹም ጨፍነዋል። ዓይኑን ከፍቶ የሚዞረው ገዢው ብቻ ነበር፤ እሱም አቧራ ገባበት። እንዲያው የዘመኑ ነገር… እናትህ እንዴት አደረች? አለቀሰች? ታልቅስ። እህቴ የምታለቅሰው ሲደላት ነው። ሲከፋት ዝም ትላለች። ልጆች ሳለን ብዙ ጊዜ ዝም ብላለች።

ጎማውን አየሁልህ። ዘይቱን አየሁልህ። ውሃም ሞልቻለሁ። አበባውን ግን አልነካም፤ የላስቲክ አበባ ማሰር የአጎት ሥራ አይደለም፣ የሙሽራህ የኢዲል እህቶች ይጨርሱት። ከአሱር ሰላት በኋላ ሰልፉ ከዚሁ ከጋራዤ በር ይነሳል፣ ሙሽራዋን ከቤቷ ይወስዳል። ከዚያ ሼኽ ከተማን አልፋችሁ፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ በርበራ። አንተ ወደ ወደብህና ወደ ክሬንህ፣ እሷ ወደ አዲሱ ቤቷ። ደስ ሲል!

መኪናዋም ደስ ትላለች። አማትህን፣ የኢዲልን አባት፣ አመስግነሃል? ደግመህ አመስግን። በአባቶቻችን ጊዜ የሴት ልጅ አባት ለሙሽሮች የሚሰጠው ግመል ነበር። ሰው ሁሉ እያያት እየተነዳች ትመጣለች። ሙሽራው ግን ዞሮ አያያትም። እግሯን አያነሳም፣ ጡቷን አይነካም፣ «ታነክሳለች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አማት የሰጠውን መመርመር ነውር ነዋ! ቆሞ ይቀበላል፣ ያመሰግናል፤ ማነከሷን መንገድ ላይ ያየዋል። አማትህ ግን ዘመናዊ ሰው ናቸው። የግመል ጊዜ አለፈ ብለው መኪና ሰጡህ። ከሚሸጧቸው መኪኖች መሃል መርጠው… ለልጃቸው፣ ለዓይናቸው ብሌን… መርጠው።

እዚያ ግራሩ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። አትዙር! በሠርግ ቀን ወደ አማት ማፍጠጥ ምን ይባላል? አንገትህን አቅና፣ ወደ ፊት እይ። የማወራህ እኔ ነኝ፤ የምናወራውም ስለ መኪና ነው። የመኪና ወሬ ማንን ያስቀይማል?

ባለፈው ምን ነበር ያልከኝ? «አጎቴ፣ መሸጫ ግቢው ውስጥ ቆማ ሳያት አንድ ብርቱካን መብራት ይበራባት ነበር፣ የሞተር ስዕል ያለው። ስነዳት ግን እንደ ወተት ናት።» አዎ፣ እንደ ወተት ናት። እኔም አዙሬአታለሁ። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። አታስልም፣ አትንቀጠቀጥም። አማትህንም ስትጠይቃቸው «የምትሄድ መኪና በሽተኛ አትባልም» አሉህ። ጥሩ አባባል ነው። ሲሄዱ የሚያምርባቸው፣ ማንም በሽተኛ ብሎ የማይጠረጥራቸው ስንት ሰዎች አውቃለሁ መሰለህ…

ያቺ መብራት እኮ ነገሯ እንዲህ ነው። መኪና ሲሞት አይደለም የምትበራው። መኪና ሲያንሾካሽክ ነው። አንዲት ካንዴላ ማኩረፍ ስትጀምር ትበራለች። ጭስ የሚያሸት ትንሽ ዕቃ ሲደነዝዝ ትበራለች። ነጂው ገና ምንም አይሰማውም፤ እንደ ወተት ነው። እሷ ግን ሰምታለች። ነገር ሳይገን የምትናገር ናት። ነገር ሳይገን የሚናገር ደግሞ በየትኛው አገር ነው የሚወደደው?

የእኛ ከተማ ሰው ያወጣላትን መድኃኒት ብታይ! አንዱ ታክሲ ነጂ መቁጠሪያውን ይሰቅልባታል። ፍየል ነጋዴዋ ሰዓዶ «ማሻአላህ» የሚል ወረቀት ለጠፈችባት። «ሰዓዶ፣ ከወረቀቱ ሥር ምን አለ?» ብላት፣ «አላህ የሸፈነውን አንተ ምን ልትገልጥ ትፈልጋለህ?» ብላ ጮኸችብኝ። ስቄ ተውኳት። እሷ የሸፈነችው ከራሷ ነው። ራሱን የሚዋሽ ሰው ማንን ይጎዳል? የሚነዳት እሱ፣ የምትቆምበትም እሱ። ከሌላ ሰው የሚሸፍን ግን… ያ ሙያ ይጠይቃል።

ከዚያ በስጦታው ቀን ያንተዋ መብራት ጠፋች። ሰው እልል ሲል አንተ አጎንብሰህ አየህ፤ የለችም። ሮጠህ መጥተህ «አጎቴ፣ ዳነች!» አልከኝ። ዳነች! ማን አክሟት? «ዱዓ ይሆናል» አልክ። ይሆናል። ዱዓ ብዙ ነገር ያድናል። ሽቦ ሲቆርጥ ግን እስካሁን አላየሁም።

በል ቁልፉን አዙር። ሞተሩን አታስነሳ፤ ግማሽ ብቻ። አየህ? ሁሉም በሩ። ይሄ የስም ጥሪ ነው። እያንዳንዱ መብራት «አለሁ» ይላል። ብርቱካኗም «አለሁ» ብላለች። ጥሬ ሰው ቢሆን አምፖሏን ነቅሎ ይጥላት ነበር፤ ያኔ ከስም ጥሪው ትቀራለች፣ ይነቃበታል። ይሄ ግን ጥሬ ሰው አይደለም። አሁን አስነሳ። አየህ? አላየህም። አጥፋና ድገመው። ቀይዋን የዘይት መብራትና ብርቱካኗን እኩል ተመልከት… በአንድ ቅጽበት ጠፉ፣ አይደል? እንደ መንታ። እነሱ ግን መንታ አይደሉም። የዘይቷ የምትሰማው ከዘይት ነው። ብርቱካኗ የምትሰማው ከሞተሩ አንጎል ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ዝም ካሉ፣ አንዳቸው ተገዝቷል።

እኔ ሰው አልጠረጥርም፤ ታውቀኛለህ። ስለዚህ መመርመሪያዋን ሰካሁ። ይህቺን፤ ከመሪው ሥር ነው የምትሰካው። የሞተሩን አንጎል ጠይቃ የሚለውን በጽሑፍ ታሳያለች። ምን አለ መሰለህ? «ጥፋት አግኝቻለሁ፤ ለነጂው ነግሬአለሁ፤ መብራቱን አብርቻለሁ» ይላል። ምስኪን! እሱ ነግሬአለሁ ብሎ ተኝቷል። ሲጮህ ከርሞ፣ መብራቱ ጋ ሲደርስ ግን አፉን የያዘው አለ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ልክ ነው። ዝም ባለ መኪና ግን ሰው ይገባበታል። ሙሽራ ይገባበታል… አበባ አስሮ።

አማትህን ሳል ያዛቸው። አቧራው ነው። ውሃ ስጧቸው ብለህ አትጩህ፤ እዚያ ሰው አለ።

ካቻቢቴውን አቀብለኝ፣ ከጉልበትህ ሥር ነው። ዳሽቦርዱን ጠዋት ፈትቼዋለሁ፤ ክዳኑን ብቻ ነው ያስቀመጥኩት። ያዝልኝ። እዚህ እይ። ከዘይቷ መብራት ወደ ብርቱካኗ የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ አለች። የብርቱካኗ የገዛ ሽቦዋ ደግሞ ተቆርጦ፣ በቀይ ናስትሮ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ተኝቷል። እንዴት ያለ ሥራ ነው! ሰው ለመጠገን እንኳ ይህን ያህል አይጠነቀቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ… ናስትሮ ካልተጠመጠመበት።

አሁን ጫፉን ተመልከት፣ ቀረብ አድርገው። ሽቦው እንዴት ነው የተላጠው? በፒንሳ ቢሆን ዙሪያውን ንጹሕ ይሆናል። ይሄ በአንድ በኩል ተጨፍልቋል፣ የጥርስ ምልክት አለው። በሌላው በኩል ምንም የለም። በጥርስ ነው የተላጠው፣ ሳሃል። ዛሬ ሽቦ በጥርስ የሚልጥ ማን ቀረ? ፒንሳ በየሱቁ ሞልቷል። ጌታ የሆነ ሰው ደግሞ ሠራተኛ አለው፤ ሠራተኛውም ፒንሳ አለው። ታዲያ ሠራተኛው ለምን አልታዘዘም? ሠራተኛ አፍ አለዋ! ይህን የሠራው ሰው የግቢውን በር ዘግቶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ መሪው ሥር ተጋድሞ፣ በገዛ ጥርሱ ነው የሠራው። አየህ ትሕትና? ከብሮ፣ ተከብሮ፣ የድሮ ሙያውን ያልረሳ ሰው! እኔ እንዲህ ያለ ሰው ባይ ባርኔጣዬን… ኮፍያዬን አነሳለት ነበር፤ ፀሐዩ ባይከለክለኝ።

እኔ ድሮ አንድ ልጅ አውቅ ነበር። ስሙን አልጠራም። አንተ አታውቀውም።

በስደቱ ጊዜ ነው፤ አንተ አልተወለድክም። ቤታችን ፈርሶ፣ ድንበር ተሻግረን ካምፕ ገባን። ድንኳን፣ አቧራ፣ ወረፋ። ስለዚያ አላወራም። ውሃ የሚመጣልን በቦቴ ነበር። እኔና ያ ልጅ ቦቴው ላይ ረዳት ሆንን። ጢም የሚባል አላወጣንም። ደመወዛችን ውሃ ነበር፤ ለእናትህ በጀሪካን ይዤላት እገባለሁ። ነጂው ሂርሲ የሚባል ሽማግሌ ነው። ደግ ሰው፣ ዓይኑ ግን የደከመ። እኔና ልጁ በአንድ ሽርጥ ተጠቅልለን ቦቴው ሥር እንተኛለን። ተምር ካገኘን እሱ ይከፍላል፣ እኔ እመርጣለሁ። እንዲያ ነበርን።

ፒንሳ የለንም። ሽቦ የምንልጠው በጥርስ ነበር። እኔ ከንፈሬን እቆርጣለሁ፤ እሱ ግን ጌታ ነበር። በግራ በኩል የላይ ጥርሱ የለም፣ አንድ ቀን ወረፋ ላይ ተመቶ ወልቋል። በዚያው በኩል ሽቦውን አስገብቶ፣ ነክሶ፣ ሳብ! ቆዳው እንደ ፍየል ቆዳ ይገፈፋል። በአንድ በኩል የተጨፈለቀ፣ በሌላው ንጹሕ። ጫፉን አይቼ የማን እጅ… የማን አፍ እንደሆነ አውቅ ነበር። ዛሬ እዚያ ክፍተት ላይ ወርቅ አስገብቷል ሲሉ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ወርቅ ደግሞ ጨዋ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ሽቦ ላይ ምልክት አይተውም። የቀሩት ጥርሶች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው።

አማትህም ወርቅ ጥርስ አላቸው፣ አይደል? ሲስቁ እንዴት ያምርባቸዋል! ዛሬ ግን ሲስቁ አላየሁም። የልጅ ስንብት ከባድ ነው።

ቦቴው የንፋስ ፍሬን ነበረው። ንፋሱ ሲያንስ አንድ ነገር ይጮሃል፤ እናቱን እንዳጣ ግልገል፣ ሳያቋርጥ። ያኔ ቆመን እንጠብቃለን፣ ንፋስ እስኪሞላ። አሮጌ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይጮሃል። ያ ልጅ መጠበቅ አይወድም። ቶሎ ከደረስን ተጨማሪ ምልልስ አለ፤ ምልልስ ውሃ ነው። እሱም ቤተሰብ ነበረው፣ አልፈርድም። አንድ ጠዋት ጩኸቱ ቀረ። ሂርሲ እጁን ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ!» አለ። በደስታ ነው ያለው። ልክ እንደ አንተ።

በማግስቱ አንድ ቁልቁለት ላይ ቆምን። የረዳት ሥራው ምንድን ነው? ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ነው። ታኮውን ይዤ ወረድኩ። ቦቴው አልጠበቀኝም። ታኮውም ደረሰ… እግሬ ግን ቀደመው።

በቃ። ይኸው ነው።

እኛ አገር ስም እናት ታወጣለች፣ ቅጽል ስም መንገድ ያወጣል። «አንካሳው» ሲሉኝ «አቤት» እላለሁ። ያ ልጅ ግን ምን ያለ ወዳጅ ነበር! እንባውን እያፈሰሰ በጀርባው አዝሎ ካምፕ አደረሰኝ። ለጠየቀው ሁሉ «የአላህ ውሳኔ ነው» አለ። እኔም አሚን አልኩ። ሲሻለኝ ቦቴው ውስጥ ገብቼ የተቆረጠውን ሽቦ አየሁት። ጫፉን አየሁት… እሱ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። እንዲህ ተከባብረን አረጀን። ሠርግ ላይ እንሳሳማለን።

ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሳቅ እንጂ፣ ሠርግህ እኮ ነው! የማታውቀው ሰው ወሬ ነው፤ ከዛሬ ጋር ምን ያገናኘዋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። የሌላውን በሽታ የደበቀ ግን ገበያ ይገኝለታል፣ ግቢ ይገኝለታል… አማች ይገኝለታል። ተረት ሁሉን አይጨርስም።

ይልቅ የሚያስቅህን ልንገርህ። የዚህች መኪና ሕመሟ ምን ነበር መሰለህ? መመርመሪያዋ «የቤንዚን ትነት እያመለጠ ነው» አለችኝ። ሞተር አይደለም! ማርሽ አይደለም! ዞሬ የቤንዚኑን ክዳን ከፈትኩ። ክዳኑ የሷ አይደለም። የሌላ መኪና ነው፤ አልገጥም ሲል ከሥሩ ፌስታል ተወትፎ በጉልበት ተጠምዟል። ሰማያዊ ፌስታል! ስኳር የሚቋጠርበት! እዚያ ግድግዳው ሥር ካሉት ሰባራ መኪኖች አንዷ እህቷ ናት፤ እያነከስኩ ሄጄ የዚያችን ክዳን ነቅዬ ገጠምኩላት። ስመለስ ሻዬ አልቀዘቀዘም።

ሳቅ! አያስቅም? ክዳን ለመግጠም እጅ መዘርጋት በቂ ነበር። ሽቦው ግን ግቢ መዝጋት አለበት፣ ዳሽቦርድ መፍታት፣ መንከስ፣ መጠቅለል፣ መልሶ መግጠም። ማዳኑ ቀላል፣ መደበቁ ከባድ። ሰውየው ከባዱን መረጠ። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ የሚለው ማን ነው? እኔ አልልም። ምናልባት ለማዳን ያልተማረ ይሆናል። ሁሉም የተማረውን ነው የሚሠራ።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል ሰምቻለሁ። መኪና ሰጥቶ የሚያጎነብስ ግን… እንዴ! አማትህ ምን ወድቆባቸው ነው? ጫማቸውን እያሰሩ ነው? ያደረጉት ሰንደል አይደለም እንዴ? ይሁን፤ ሰንደልም ይላላል።

ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ወደ ብርጭቋቸው ደፉ። ሻዩ ጣፍጧቸው ነው።

እና የዛሬው ክዳን ነው። ክዳን ሰው አይገድልም። ነገስ? የሼኽ ቁልቁለት መጠምዘዣው ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ሞተሯ የእውነት ብትታመም አንጎሉ ይጮሃል፣ መብራቷ ግን ተገዝታለች። ኢዲል ከጎንህ ተቀምጣ፣ ኢንሻአላህ ሕፃን ታቅፋ፣ «ምንም አልበራም፣ ደህና ነን፣ ንዳ» ትልሃለች። አባቷ የሰጣት መኪና ነውና አምና ነው የምትልህ። ሴት ልጅ አባቷን ካላመነች ማንን ታምናለች?

ይኸው፣ ያቺን ሽቦ ቆረጥኳት። የብርቱካኗን ከራሷ መስመር አገናኘሁ። በፒንሳ ነው የላጥኩት፤ ጥርሴን ዛሬ ለግመል ሥጋ እፈልገዋለሁ። በል አስነሳ። …ማሻአላህ! አየሃት? ሌሎቹ ጠፉ፣ እሷ ቀረች። እንዴት ታምራለች! ሠርግ አይደለም እንዴ? መብራት ይብዛ!

ክዳኑ ከተገጠመ ለምን በራች ትል ይሆናል። አንጎሉ ገና አላመነም። አንዴ የተሞኘ ነገር ቶሎ አያምንም። ስትነሳ ስትቆም፣ ስትነሳ ስትቆም ራሱ እያየ፣ ራሱ እያረጋገጠ፣ በራሱ ጊዜ ያጠፋታል። በርበራ ከገባችሁ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ታያለህ፤ የለችም። የእውነት የጠፋች መብራት እንዲያ ናት፤ ማንም እልል ሳይልላት ነው የምትጠፋ። አሁኑኑ በመመርመሪያዋ ላጠፋት እችል ነበር። በጣት መንካት ነው። ግን ጣቴን አመመኝ።

ደግሞ እስከ ከተማው ዳር የሚነዳላችሁ ማን ነው? እኔ። አውቶማቲክ ናት፣ አንድ እግር ይበቃታል። እናንተ ሙሽሮቹ ከኋላ ናችሁ። ከፊትስ፣ ከጎኔ? ስጦታ የሰጠ ሰው ከፊት ይቀመጣል፤ ደንባችን ነው። እኔና አማትህ ጎን ለጎን… ጎን ለጎን ከተቀመጥን ስንት ዘመን ሆነን! ብርቱካኗ በመሃላችን ትበራለች። በየመስኮቱ የሚያጨበጭበው ሰው ሁሉ ያያታል። ማንም አይናገርም። እኔም አልናገርም። እሳቸውማ ምን ብለው ይናገራሉ? «አጥፍቻት ነበር» ይላሉ? አማት የሰጠውን መመርመር ነውር ነዋ፣ ሳሃል! ነውሩን እናከብራለን።

ከከተማው ዳር መሪውን አንተ ትረከባለህ። ስማኝ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ረግታ ከበራች ንዳ፣ ስትደርስ አሳያት። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ቁም። የትም ይሁን ቁም፤ ሰው ይሳቅብህ፣ ቁም። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ድንጋይ። የሰው ልጅ አታድርግ።

ለኢዲልም አስተምራት። መብራቷ ምን እንደምትል ንገራት። ማን ዝም እንዳሰኛት አትንገራት። ትዳር በዚያ አይጀመርም። እሷ ምን አጠፋች? ሲስቅ አይቻለሁ ያንን አፏን፤ ጥርሷ ሙሉ ነው።

ማነው የሚጠራኝ? እኔን? …ምርቃት? ማን አለ? አማትህ ናቸው ያሉት? «አጎቱ ቶሎ ይመርቅልንና እንነሳ፣ ሰዓቱ ሄደ» አሉ? እውነታቸውን ነው፣ ሰዓቱ ሄዷል። ብዙ ሄዷል። ቆይ እጄን ልጥረግ። ዱላዬን ስጠኝ። ሞተሩን አታጥፋ… መብራቷን እያየን እንመርቅ።

እሺ፣ ጠጋ በሉ። እጃችሁን ዘርጉ።

ቤታችሁ በልጅ ይሙላ። አሚን። የምትታለበው ትታለብላችሁ፣ የምትነዳው ትነዳላችሁ። አሚን። አቀበቱ ይጠርላችሁ፣ ቁልቁለቱ ይለዝብላችሁ። አሚን። አላህ የሚነግራችሁን ወዳጅ ይስጣችሁ፣ ቢያስቀይማችሁም። አሚን።

ለሙሽራዋ አባት ደግሞ… ለዚህ እጀ ሰፊ ሰው፣ ለልጁ በገዛ እጁ ለደከመ አባት… ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። አሚን። ጥርሳቸውን ያጥናልን። አሚን። እርጅና ሲመጣ፣ ዓይናቸው ሲደክም፣ ቁልቁለት ሲከብዳቸው፣ ክንዳቸውን ይዞ የሚያወርዳቸው ሰው አያሳጣቸው። አሚን። ያ ሰው ደግሞ ልክ እሳቸው ለኢዲል የተጠነቀቁላትን ያህል ይጠንቀቅላቸው፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። አሚን በሉ እንጂ… ከፊት ያላችሁት፣ ጮክ ብላችሁ፣ ከአንጀት።